ዝም ያላለ ጡንቻ፦ ከህብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ በጡንቻ ምልክት ስለሚታዘዙ አጋዥ መሣሪያዎች

እጁ የማይታዘዝለት ሰው ማዕድ ላይ ሲቀርብ አጠገቡ ያለው ሰው እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ ያጎርሰዋል። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ ፍቅርነቱ ግን በመመላለሱ ነው። አንዱ ያጎርሳል፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመልሳል። ቁርስ፣ ምሳና ራቱን በሰው እጅ ብቻ ለሚበላ ሰው ይህ መመለሻ ተዘግቶበታል። አንገቱ ላይ በደረሰ አደጋ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ነገር ያጣል፤ ዕለት በዕለት የሚያንገበግበው ግን ይህ የእጅ ነገር ነው፦ በራስ እጅ መብላት፣ ፊትን መጥረግ፣ ያሳከከን ቦታ ማከክ፣ ስልክ አንሥቶ ወደሚፈልጉት ሰው መደወል።

ባለጉዳዮቹም ሲጠየቁ የመለሱት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪዋ ኪም አንደርሰን ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር የሚኖሩ 681 ሰዎችን «ከሁሉ አስቀድሞ ምን ቢመለስላችሁ ትመርጣላችሁ?» ብላ ጠይቃ ውጤቱን አሳተመች። እጃቸውም እግራቸውም ከተጎዳባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት፣ 48.7 በመቶው፣ የክንድና የእጅ አገልግሎት አሉ። ጤነኛው ሰው ዊልቸሩን አይቶ «መራመድ ተሳነው» ብሎ ሲያዝን፣ ዊልቸሩ ላይ ያለው ሰው የሚያስበው ስለ ጣቶቹ ነው።

ይህ ዳሰሳ ለዚያ ፍላጎት ከተዘረጉት መንገዶች አንዱን ይመረምራል። ከጉዳቱ በኋላ በጡንቻ ውስጥ የቀረውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ዊልቸርን፣ ኮምፒውተርን፣ የሚለበስ ሮቦትን ወይም የራስን የዛለ እጅ ማዘዝ ይቻላል? እስካሁን የት ተደረሰ? ምን አሰናከለው? መጨረሻ ላይ የምደርስበትን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር፦ ሕክምናው ለረጅም ዘመን የጠፋውን ሲቆጥር ኖሯል፤ የዚህ መስክ ትልቁ ትምህርት የቀረውን መቁጠር ነው።

መልእክቱ የሚቋረጥበት ቦታ

አንጎል «ጣት ታጠፍ» ሲል ትእዛዙ በቅብብል ይሄዳል። የመጀመሪያው የነርቭ ሕዋስ ከአንጎል ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለተኛው መልእክቱን እዚያ ተቀብሎ ከአከርካሪው ይወጣና እስከ ጡንቻው ይዘልቃል። ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አንዱ ሕዋስ በርካታ፣ በትልልቆቹ ጡንቻዎች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጡንቻ ክሮችን ይይዛል። ከነርቩ አንድ ምት ሲመጣ እነዚያ ክሮች ሁሉ ባንድ ላይ ይነሣሉ። ስለዚህ ጡንቻ የነርቭን ሹክሹክታ ተቀብሎ በብዙ አፍ የሚያስተጋባ የተፈጥሮ ድምፅ ማጉያ ነው። ቆዳ ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ የሚሰማው ይህን ማስተጋባት ነው። በሕክምናው ዓለም ኢ.ኤም.ጂ. የሚባለው ምርመራም ይኸው ነው።

የህብለ ሰረሰር ጉዳት ቅብብሉን ይሰብረዋል፤ የት ላይ እንደሰበረው ደግሞ የሰውየውን ቀሪ ሕይወት ይወስናል። ከአንገት የሚወጡት ነርቮች ሥራ ተከፋፍለዋል። 5ኛው በዋናነት ክርን ያጥፋል፣ 6ኛው የእጅ አንጓን ወደ ላይ ያነሣል፣ 7ኛው ክርን ይዘረጋል፣ 8ኛው ጣትን ያስጨብጣል። እስከ 5ኛው ድረስ ያለው ብቻ የተረፈለት ሰው ትከሻውን ያነሣል፣ ክርኑን ያጥፋል፤ ብርጭቆ መጨበጥ ግን አይችልም። 6ኛው ከተረፈለት አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሣ ጣቶቹ በጅማቶቻቸው ተስበው ትንሽ ይጠጋጋሉ፤ በዚህች ጠባብ ብልሃት ቀለል ያለ ነገር ያነሣል። የአንድ ነርቭ ልዩነት የአንድ ኑሮ ልዩነት ነው።

መሣሪያ ሠሪዎቹ የሚጠነቀቁለት ሌላም ልዩነት አለ። ከጉዳቱ በታች ያሉት አብዛኞቹ ጡንቻዎች ሁለተኛው ሕዋሳቸው በሕይወት አለ፤ የጎደላቸው አዛዥ ነው። ለእነዚህ ከውጭ ኤሌክትሪክ ቢሰጣቸው ይኮማተራሉ። ጉዳቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ግን ሁለተኛው ሕዋስ ራሱ ይሞታል። ጡንቻው ይከሳል፣ ምልክትም አይሰጥም፣ ለተለመደው ማነቃቂያም አይመልስም። በአንድ ክንድ ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ለህብለ ሰረሰር ጉዳት የሚሆን መሣሪያ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም፤ እያንዳንዱ ክንድ ራሱን ችሎ መመርመር አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ዋነኞቹ መንስኤዎች የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅና ጥቃት ናቸው።

ደካማ ድምፅ የመስማት ጥበብ

የሰውነት እንቅስቃሴና ኤሌክትሪክ ዝምድና እንዳላቸው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ላይ ያደረገውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1791 ካሳተመ ወዲህ ይታወቃል። በ1849 ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ሰው ፈልጎ ጡንቻውን ሲያኮማትር የሚፈጠረውን ጅረት ለካ። በዘመኑ መሣሪያ ቆዳው ጅረቱን እየከለከለ ስላስቸገረው የክንዱን ቆዳ አቁስሎ እስከመግፈፍ ደርሷል። ዛሬ በአልኮል ጠርገን የምንለጥፈው ኤሌክትሮድ ከዚያ ስቃይ የተገኘ ነው።

ምልክቱን ለማዘዣነት የመጠቀም ሐሳብ የመጣው እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች ሲባል ነው። በ1940ዎቹ ሙኒክ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ የነበረው ራይንሆልድ ራይተር በጡንቻ ምልክት የሚከፈትና የሚዘጋ ሰው ሰራሽ እጅ ሠርቶ በ1948 አሳወቀ። ጊዜው የቫኩም ቱቦ ዘመን ስለነበር መሣሪያው ተሸክመውት የሚሄዱት አልነበረም። ትራንዚስተር ሲመጣ የሞስኮ መሐንዲሶች በ1960 አካባቢ በባትሪ የሚሠራ፣ ሰው ለብሶት የሚውል እጅ ለዓለም አሳዩ።

የተቆረጠ እጅና የህብለ ሰረሰር ጉዳት ግን ችግራቸው የተገላበጠ ነው። እጁ የተቆረጠበት ሰው ምልክቱ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው እጁ ነው። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳበት ሰው እጁ አለ፤ የጠፋው ምልክቱ ነው። መስኩ ግማሽ ምዕተ ዓመት የደከመው ይህን የጠፋ ወይም የደከመ ምልክት ለመፈለግ ነው።

ፍለጋው ቀላል አይደለም። ቤታችን ያለው ሶኬት 220 ቮልት ይሰጣል፤ ቆዳ ላይ የሚደርሰው የጡንቻ ምልክት ጠንካራ ሲባል የቮልት ጥቂት ሺህኛ፣ ደካማ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በመቶ እጥፍ ያነሰ ነው። ጠቃሚው ክፍል በሴኮንድ ከ20 እስከ 500 ጊዜ በሚርገበገብ ሞገድ ውስጥ ይገኛል፤ የግድግዳው ኤሌክትሪክ 50 ጊዜ ስለሚርገበገብ የሚረብሸው በዚያው መሃል ገብቶ ነው። ትከሻና ደረት አካባቢ ሲሆን የልብ ትርታ ራሱ ይቀላቀላል። መሣሪያው ይህን ሁሉ አጣርቶ፣ አጉልቶ፣ ውሳኔ ላይ መድረስ ያለበት ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ብዙም ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ነው። ሦስት አሥረኛ ገደማ ከደረሰ ሰውየው እጁን ያዘዘ ሳይሆን እጁን የለመነ ሆኖ ይሰማዋል።

ምልክቱ ከየት ይገኛል?

የቀረውን መቁጠር ስንጀምር ሦስት ጓዳዎች አሉ።

የመጀመሪያው ከጉዳቱ በላይ ያሉት ጤነኛ ጡንቻዎች ናቸው፦ ትከሻ፣ አንገት፣ ፊት። ምልክታቸው ጠንካራና የሚታመን ነው። ለምሳሌ አንዱን ትከሻ ከፍ ማድረግ ዊልቸሩን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ባንድነት ወደፊት እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ከጆሮ ጀርባ ያለችውን፣ አብዛኛው ሰው መኖሯን እንኳ የማያውቃትን ጡንቻ አሠልጥነው ዊልቸር እንድትመራ አድርገዋል። የጆሮ ጡንቻ ሥራዋ ጥቂት በመሆኑ ለሌላ ተግባር ብትመደብ ሰውየው ሲያወራ፣ ሲበላ ወይም ዘወር ሲል አትረበሽም። የዚህ ጓዳ ጉድለት ትእዛዙና ሥራው አለመዛመዳቸው ነው። ትከሻ አንሥቶ ጣት ማጠፍ ይለመዳል፤ ግን እንደ ባዕድ ቋንቋ በትምህርት የሚለመድ ነው።

ሁለተኛው ጓዳ ጉዳቱ ድንበር ላይ ያሉት፣ የደከሙ እንጂ ያልጠፉ ጡንቻዎች ናቸው። ሐኪሙ ሲነካው ትንሽ ሲነዝር የሚሰማው፣ እጅን ግን ማንሣት የማይችል ጡንቻ አለ። ለሥራ አይበቃም፤ ለትእዛዝ ግን ይበቃል። አንጓ የሚያነሣ ጡንቻ ጣት ወደመዝጋት ቢመራ ትእዛዙ ለሥራው ቅርብ ስለሆነ አንጎል ቶሎ ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ጓዳ በጣም አስገራሚው ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል» የተባለለት ጡንቻ። ሚላን ዲሚትሪዬቪችና ባልደረቦቹ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በክሊኒክ ምርመራ ጉዳታቸው ሙሉ የተባለ ሰዎችን በኢ.ኤም.ጂ. ሲመረምሩ፣ በብዙዎቹ ላይ ከአንጎል የሚወርድ ተጽዕኖ ከጉዳቱ በታች እንደሚደርስ አዩ። ጥቂት የነርቭ ክሮች ከአደጋው ተርፈዋል ማለት ነው። ዓይን የሚያየው እንቅስቃሴ ለመፍጠር ያንሳሉ፤ ለመሰማት ግን ይበቃሉ። «ሙሉ ጉዳት» የሚለው ቃል የሐኪሙን ዓይንና ጣት ወሰን እንጂ የነርቩን እውነት ሙሉ በሙሉ እንደማይናገር የታወቀው እንዲህ ነው።

ያ ግኝት ለረጅም ጊዜ የመጽሔት ገጽ ላይ ተኝቶ ከቆየ በኋላ ኤሌክትሮዶች ሲረቁና ኮምፒውተሮች ሲበረቱ ተነሣ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 150 ኤሌክትሮዶች የተሰፉበት እጅጌ ጣቶቹ የማይንቀሳቀሱለት አንድ ሰው ክንድ ላይ አልብሶ፣ ሰውየው የተለያዩ ጣቶቹን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር የሚመጣውን ምልክት ለይቶ አነበበ። በ2024 ጀርመን ኤርላንገን ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የአሌሳንድሮ ዴል ቬኪዮ ቡድን 320 ኤሌክትሮዶች ተጠቅሞ 8 ሰዎችን አጠና። ሁሉም ከ5ኛውና 6ኛው የአንገት ነርቭ በታች እንቅስቃሴያቸው ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል የተባሉ ናቸው። የእያንዳንዱን የነርቭ ሕዋስ ምት ከጫጫታው ለይተው በማውጣት በስክሪን ላይ ያለ እጅ በሐሳባቸው ልክ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ ማድረግ ቻሉ። ለዓመታት «አልቋል» የተባሉትን ጣቶቹን ሲያስብ ስክሪኑ ላይ ያለው እጅ የታዘዘለት ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ምልክቱ ምን ያዛል?

የተገኘው ምልክት የሚሄድበት አቅጣጫም ሦስት ነው፦ ወደ ውጭ ዕቃ፣ ሰውነት ላይ ወደሚለበስ ሮቦት፣ ወይም ወደ ራስ ጡንቻ ተመልሶ።

የውጭ ዕቃው ለመግለጽ ቀላሉ ነው። ዊልቸር፣ የኮምፒውተር ቀስት፣ የቤት መብራት፣ በወንበሩ ላይ የተገጠመ የሮቦት ክንድ። እዚህ የጡንቻ ምልክት ብዙ ተወዳዳሪ አለበት፦ በአገጭ የሚገፋ መሪ፣ በቀጭን ቱቦ እፍ እየተባለና እየተሳበ የሚታዘዝ ዊልቸር፣ የዓይንን እይታ ተከትሎ የሚጽፍ ኮምፒውተር፣ በድምፅ የሚታዘዝ ስልክ። ለብዙ ሰዎች እነዚህ ርካሽና በቂ ናቸው። የጡንቻ ምልክት የሚያሸንፈው አፍንና ዓይንን ነጻ ማድረግ ሲያስፈልግ ነው፤ ከጓደኛው ጋር እያወራ ወንበሩን መንዳት ለሚፈልግ ሰው አፉ ውስጥ ያለ ቱቦ እንቅፋት ነው።

ከሚለበሱት ሮቦቶች ዝነኛው በጃፓን ቱኩባ ዩኒቨርሲቲ ዮሺዩኪ ሳንካይ የጀመረው ሃል ነው። ከወገብ እስከ እግር ይለበሳል፤ ቆዳ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ሰውየው እግሩን ለማንሣት ሲሞክር የሚመጣውን ምልክት አንብበው ሞተሩን ያስነሣሉ። የእርሱ ብልሃት ሰውየው ካልሞከረ ማሽኑ አለመንቀሳቀሱ ነው። በ2014 የጀርመኑ ቦሁም ሆስፒታል ሐኪሞች ጉዳታቸው የቆየ 8 ሰዎችን ለ90 ቀን ያህል ካሠለጠኑ በኋላ፣ ሰዎቹ ማሽኑን አውልቀው ሲራመዱም ፍጥነታቸውና የሚሄዱት ርቀት እንደጨመረ ዘገቡ። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ላይ ጥቂት ምልክት የቀረላቸው ነበሩ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ በንጽጽር ሌላ ሥልጠና የወሰደ ቡድንም አልነበረም። ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነገር ይጠቁማል፦ ማሽኑ የራስን ሙከራ ሲጠብቅ ድጋፍ ብቻ ሳይሆን ልምምድም ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ለዚህ አገልግሎት ፈቅዶታል።

ሦስተኛው አቅጣጫ በእኔ እምነት ከሁሉም የላቀ ውበት ያለው ነው፤ ምልክቱን ከሚሠራው ጡንቻ ወስዶ ለማይሠራው መስጠት። ታሪኩም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ሃንተር ፔካምና ባልደረቦቹ ለዓመታት ደክመው ፍሪሃንድ የተባለውን በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያ ሠሩ። ደረት ውስጥ ከተቀበረ ማነቃቂያ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በቆዳ ሥር ወደ ክንድና እጅ ጡንቻዎች ይሄዳሉ። ሰውየው ተቃራኒ ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ እጁ ይከፈታል ወይም ይጨብጣል። በ1997 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በዓለም ዙሪያ ከ200 በላይ ሰዎች አስተከሉት፤ ሹካ ያዙ፣ ጻፉ፣ ጠጡ። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ የትከሻውን ሴንሰር ትቶ በቀጥታ ወደ ጡንቻ ምልክት ዞረ፦ 12 የማነቃቂያ መስመርና ሁለት የጡንቻ ምልክት ማንበቢያ ያለው፣ ማንበቢያውም ጭምር በሰውነት ውስጥ የሚተከል። አንጓውን በራሱ የሚያነሣ ሰው አንጓውን ሲያነሣ መሣሪያው ሰምቶ ጣቶቹን ይዘጋለታል። በ2018 በወጣ ዘገባ 13 ሰዎች በ15 ክንዶቻቸው ላይ ተጠቅመውበታል።

ታዲያ ይህ መሣሪያ በየሆስፒታሉ ለምን አልተገኘም? ፍሪሃንድን ያመርት የነበረው ኩባንያ በ2001 ገበያውን ተወ፤ ምክንያቱ ትርፍ እንጂ የመሣሪያው አለመሥራት አልነበረም። የተጠቃሚው ቁጥር ትንሽ፣ ቀዶ ሕክምናው ውድ፣ የሚተክለው ሐኪም ጥቂት ነበር። በሰውነታቸው ውስጥ የማይመረት ዕቃ ይዘው የቀሩት ሰዎች ሽቦ ሲበጠስ፣ ውጫዊው ክፍል ሲበላሽ መለዋወጫ ማን ይሰጣቸዋል? የክሊቭላንድ ተመራማሪዎች በምርምር ገንዘብ ሥራውን ማስቀጠላቸው ያስመሰግናቸዋል። ለመስኩ ሁሉ የቀረው ትምህርት ግን መራራ ነው፦ መሣሪያ መሥራትና መሣሪያን ማኖር ሁለት ሥራዎች ናቸው።

እንቅፋቶቹ

የጥናቶቹን ውጤት ስናነብ ልናስታውሳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ምልክቱ በየቀኑ ይለዋወጣል። ላብ፣ ሙቀት፣ የኤሌክትሮዱ በጣት ስፋት መዘዋወር፣ የክንዱ አቀማመጥ፣ ድካም ምልክቱን ይቀይሩታል። ትናንት ጠዋት «ጨብጥ» ማለት የነበረው ሞገድ ዛሬ ከሰዓት «ክፈት» መስሎ ሊታይ ይችላል።

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ ጡንቻ ሳይታዘዝ የመግተርተርና የመንዘፍዘፍ ችግር አለ። ማሽኑ መንዘፍዘፉን ትእዛዝ አድርጎ ከተረጎመው ዊልቸሩ ያልታሰበ ቦታ ይሄዳል። መንገድ ዳር ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የጡንቻ ማነቃቂያ በተጨመረበት ጊዜ ሌላ ፈተና ይመጣል፦ ማነቃቂያው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከሚነበበው ምልክት እጅግ ስለሚበልጥ አንባቢውን ያደነቁረዋል። መሐንዲሶች በምቶቹ መካከል ባለች ቅጽበት ብቻ እያደመጡ ይህን ለማለፍ ይጥራሉ።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ግን የኑሮው ነገር ነው። 320 ኤሌክትሮድ በየማለዳው የሚለጥፈው ማን ነው? ጄል የሚቀባ፣ ገመድ የሚያገናኝ፣ ማታ የሚያነሣ አስታማሚ ያስፈልጋል። መሣሪያው ነጻነት ሊሰጥ መጥቶ የአስታማሚውን ጠዋት በአንድ ሰዓት ካስረዘመው ብዙም አይቆይም። በ1993 ቤትሲ ፊሊፕስና ሆንግሺን ዣኦ አሜሪካ ውስጥ 227 የአካል ጉዳተኞችን ጠይቀው፣ ከአጋዥ መሣሪያዎቻቸው 29.3 በመቶውን ጨርሶ መተዋቸውን አገኙ። ከምክንያቶቹ አንዱ መሣሪያው ሲመረጥ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁ ነበር። ጥናቱ ቢያረጅም ማስጠንቀቂያው አላረጀም።

የጥናቶቹ መጠንም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ሰው፣ 8 ሰው፣ 13 ሰው። ጉዳቱ ከሰው ሰው ስለሚለያይና ተሳታፊ ማግኘት ስለሚከብድ ተመራማሪዎቹን አልወቅስም። ቢሆንም «ተቻለ» እና «ለብዙ ሰው በቤቱ ለዓመታት ሠራ» መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ይህ መስክ በአብዛኛው ገና ሜዳው መሃል ነው።

ከሌሎቹ መንገዶች ጋር ሲነጻጸር

ዜናውን የሚቆጣጠረው የአንጎል ተከላ ነው። በ2016 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ወጣት አንጎሉ ውስጥ በተተከለ ቺፕ የራሱን ክንድ ጡንቻዎች አነቃቅቶ ዕቃ ማንሣት ችሏል፤ በ2024 መጀመሪያ ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ ቺፑን በመጀመሪያው ሰው አንጎል ውስጥ ተክሏል። ከአንገት በታች ምንም ምልክት ላልቀረለትና ፊቱንም መጠቀም ለሚከብደው ሰው ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። የጡንቻ ምልክት ጥንካሬው የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ብዙ ጊዜም ቆዳ ሳይቆረጥ መሥራቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ የቀረ ነገር መፈለጉ ነው።

ቀዶ ሐኪሞችም ሥራ ላይ ናቸው። በ2019 የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ16 ወጣቶች ላይ ከጉዳቱ በላይ ያሉ ነርቮችን ከታች ላሉት በማዛወር ብዙዎቹ ክርናቸውን እንዲዘረጉና እንዲጨብጡ እንዳደረጉ አሳወቁ። ባትሪ የለው፣ መለዋወጫ የለው፤ ግን ብዙ ወራት መታገሥን ይጠይቃል፣ ከአደጋው በኋላ ብዙ ከተቆየም ዕድሉ ያልፋል። በ2024 ደግሞ በአንገት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ህብለ ሰረሰሩን እያነቃቁ ልምምድ በማሠራት 60 ሰዎች ከተሳተፉበት ጥናት 72 በመቶው በእጅ ጥንካሬና አገልግሎት መሻሻል እንዳሳዩ ታትሟል።

እነዚህ መንገዶች እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስለኝም። ነርቭ ማዛወር ወይም ማነቃቂያ ደካማን ጡንቻ ትንሽ ቢያበረታው ያ ትንሽ ለማዘዣ ይበቃል። አንድ ሰው አንጓውን በቀዶ ሕክምና አግኝቶ ጣቱን በጡንቻ ምልክት ሊያዝ ይችላል።

ዋጋውን ሊለውጠው የሚችለው ነገር ካልተጠበቀ በር እየመጣ ነው። የካናዳው ታልሚክ ላብስ ኩባንያ ማዮ የተባለ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ባለ 8 ሴንሰር አምባር በ200 ዶላር ገደማ ሸጦ ነበር፤ ለጨዋታና ለኮምፒውተር የታሰበውን ዕቃ ብዙ የአካል ጉዳት ተመራማሪዎች ወሰዱት። በ2018 ምርቱ ቆመና እነርሱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የዛሬው ሜታ በ2019 ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ገዝቶ በ2025 ከመነጽር ጋር የሚሠራ የእጅ አንጓ አምባር ለገበያ አቅርቧል፤ ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጋርም የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች እንዲሞክሩት አድርጓል። ለሚሊዮኖች የተመረተ ዕቃ ለጥቂቶች ከተመረተው ይረክሳል። የማዮ ታሪክ ግን የፍሪሃንድን ይደግማል፦ የሰው እጅ በኩባንያ የሩብ ዓመት ሂሳብ ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።

ለእኛ ምን ይላል?

በአገራችን ህብለ ሰረሰርን ከሚጎዱት መካከል የመኪና አደጋ፣ ከሕንፃ መውደቅ፣ እንዲሁም የአከርካሪ ቲቢ ይገኙበታል። የመጨረሻው ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚታከም ነው። ከጉዳቱ በኋላ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ መሣሪያ በማጣት አይደለም፤ በአልጋ ቁስልና በፊኛና በኩላሊት ኢንፌክሽን ነው። ትክክለኛ ፍራሽና የወንበር ትራስ፣ ንጹሕ የሽንት ቱቦ፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ሥልጠና፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ለሰውየው ልክ የተሠራ ዊልቸር፤ እነዚህ ሳይሟሉ ስለ ሮቦት ማውራት ጣራ ሳይኖር ጉልላት መስቀል ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ የሕንፃ አዋጁም ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። በጡንቻ ምልክት የሚነዳ ዊልቸር ደረጃ ፊት ሲደርስ እንደማንኛውም ዊልቸር ይቆማል።

ይህን ካልኩ በኋላ ጉዳዩን ለሀብታም አገሮች እንተወው አልልም። የጡንቻ ምልክት ከአንጎል ተከላ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። አንድ ወይም ሁለት ሴንሰር፣ አነስተኛ ማጉያና ርካሽ ኮምፒውተር ያለው፣ አንዲት ትእዛዝ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምህንድስና ይሰጣል። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከፊዚዮቴራፒ ክፍልና ከባለጉዳዮቹ ጋር ቢጀምሩ፣ አንዲት የ«እሺ» ምልክት አስታማሚን የምትጠራ ደወል ትሆናለች፤ ስልክ ታነሣለች፤ በአማርኛ ፊደል ሰሌዳ ላይ ፊደል ትመርጣለች። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ፣ ስትበላሽ መርካቶ በሚገኝ ዕቃ የምትጠገን ብትሆን ከብዙ ድንቅ ማሽን የተሻለች ናት።

የምንለካውንም ራሳችን እንምረጥ። በውጭ ቤተ ሙከራዎች ሹካ መያዝና ብርጭቆ ማንሣት መለኪያ ሆነው ቆይተዋል። እንጀራ መቁረስ ሌላ ጥበብ ነው፦ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ቆንጥጦ ይይዛል፣ ይጎትታል፣ ሳይጨፈልቅ ይጠቀልላል፣ ወጡን ያፍሳል። ለእኛ የሚሠራ የእጅ መሣሪያ ይህን ማለፍ አለበት።

መደምደሚያ

ዳሰሳውን ስጠቀልለው፦ የጡንቻ ምልክት ዕቃን፣ ሮቦትንና የራስን እጅ ማዘዝ እንደሚችል በቂ ማስረጃ አለ። ምልክቱ ከምናስበው በላይ በብዙ ሰው ላይ፣ «ሙሉ ጉዳት» በተባሉትም ጭምር እንደሚገኝ ታይቷል። ያልታየው በብዙ ሰዎች ቤት፣ ያለ መሐንዲስ እርዳታ፣ ለዓመታት መሥራቱ ነው። ስለዚህ ከጉዳቱ በኋላ የሚደረገው ምርመራ በዓይንና በጣት ብቻ እንዳያበቃ፣ የቀረውን በኢ.ኤም.ጂ. እንዲፈልግ እመኛለሁ። ገንዘብ የሚሰጡትም ከመሣሪያው ጋር መለዋወጫውንና ጥገናውን እንዲያስቡ፤ ንድፉ ላይም ባለጉዳዩ ከመጀመሪያው ቀን እንዲቀመጥ።

ሐኪም «ከዚህ በታች ምንም የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጊዜ ኤሌክትሮዱን ለጥፎ «እስኪ ጣትህን ለማጠፍ ሞክር» ቢለው፣ ስክሪኑ ላይ የምትታየው ጥቂት መንቀጥቀጥ የሥራ መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ያጎረሰውን ሰው መልሶ እስከማጉረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጫፉ ግን በራሱ ጡንቻ ውስጥ ነው።